መስከረምን የሚጠብቅ ቤት

ቤተ ክርስቲያናችን ዓመቱን በአራት ከፍላ ስትቈጥር ከሰኔ 26 ቀን እስከ መስከረም 25 ቀን ያለውን ወራት ክረምት፣ ከዚያ እስከ ታኅሣሥ 25 ቀን ያለውን መፀው ትለዋለች። በከተማ አነጋገር አበባ የሚፈነዳበት ወራት ጸደይ ይባላል፤ በሊቃውንቱ ቈጠራ ግን ጸደይ ከመጋቢት 26 ቀን እስከ ሰኔ 25 ቀን ያለው የበልግ ጊዜ ነውና፣ ልጆቻችን በትምህርት ቤት አንዱን፣ በቤተ ክርስቲያን ሌላውን እየሰሙ ሲደናገሩ እናያለን። ስለ ስሙ ክርክር ለመክፈት አልተነሣንም። ልንናገር የወደድነው ዝናቡ አባርቶ ሜዳው ቢጫ እስኪለብስ ድረስ በባላገር ቤት ውስጥ ስላለው ኑሮ፣ ይኸውም ስለ መጠበቁ ነው።

መጠበቅ ሲባል እጅን አጣጥፎ መቀመጥ የሚመስለው ሰው አይጠፋም። በከተማ የሚኖር ሰው ክረምትን የሚያውቀው በጃንጥላውና በጫማው ጭቃ ነውና አይፈረድበትም። እኛ ግን ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ በሚገኘው በመንዝ ደጋ፣ ሐምሌና ነሐሴ ሰውን ከገዛ ቤቱ ጋር ምን ያህል እንደሚያስተዋውቁት አይተናል። ወንዙ ይሞላል፤ ገበያው ይሳሳል፤ ጕሙ ከማለዳ እስከ ቀትር ከደጅ ቆሞ ይውላል፤ ጐረቤትና ጐረቤት በድምፅ እንጂ በመልክ አይተዋወቁም። በበጋ በእርሻው፣ በአውድማው፣ በገበያውና በሙግቱ ተበታትኖ የነበረው ቤተ ሰብ ሁሉ ከአንድ ምድጃ ዙሪያ ይሰበሰባል። አባት የልጁን ጠባይ የሚያውቀው ያን ጊዜ ነው ብንል ብዙ አላጋነንንም።

ከክዳኑ እንጀምር። የመንዝ ሰው ቤቱን በድንጋይ ገንብቶ በጓሳ ይከድናል። ጓሳ የሣሩም የቦታውም ስም ነው። ሣሩ የሚበቅልበትን ከፍተኛ አገር አባቶቻችን ቄሮ በሚባለው ሥርዐት እያስጠበቁ፣ እስኪደርስ ድረስ ለዓመታት ዘግተው፣ በደረሰ ጊዜ ለባለ መብቱ ሁሉ ከፍተው ያሳጭዱት ነበር። ያ ሥርዐት በ1967 ዓ.ም. ከወጣው የመሬት ዐዋጅ በኋላ ቢፈርስም ቦታው ዛሬም በአካባቢው ሕዝብ ተጠብቆ ይገኛል። በደንብ የተከደነ የጓሳ ጣሪያ የዝናቡን ድምፅ ይውጠዋል፤ ከውስጥ ለተቀመጠ ሰው የሚደርሰው እንደ ሹክሹክታ ያለ ነው። ቆርቆሮ የተሻለ ነገር መሆኑን አንክድም፤ የእሳት ፍንጣሪ አያስፈራውም፤ በየጥቂት ዓመቱም ክደኑኝ አይልም። ነገር ግን በነሐሴ ዶፍ ከቆርቆሮ ሥር ተረት ለመናገር የሞከረ ሰው ያውቃል፤ ተረቱ ከነአንበሳው ከነጦጣው በጩኸቱ ውስጥ ይሰጥማል። በረዶ የተጨመረበት እንደ ሆነማ ጸሎትም በልብ ብቻ ይሆናል።

እሳቱ የሚነደው በኵበት ነው፤ ደጋው እንጨት የራቀው አገር ነውና። ኵበት እንደ ደረቅ እንጨት አይንቦገቦግም፤ ቀስ ብሎ ይግላል፤ ፍሙም እስከ ሌሊት ይቈያል። ምጣዱ በዚያ ላይ ይጣዳል። ገብሱ ሰነፍ ቆሎ የሚባለው ዘር የሆነ እንደ ሆነ ገለባው በቀላሉ ስለሚለቅ ብዙ መውቀጥ አያሻውም፤ ሰነፍ እንኳ ያሰናዳዋል ለማለት ይህ ስም ወጥቶለታል። እናት እያመሰች ስትቈላው መጀመሪያ የእርጥብ እህል፣ ቀጥሎ የዳቦ፣ በመጨረሻም ያ ሌላ ስም የሌለው የቆሎ ሽታ ቤቱን ይመላዋል። የሚቈላው ባቄላ ሲሆን ደግሞ ጣ ጣ እያለ ይፈነጥራል፤ ከምጣዱ የዘለለ ፍሬ የሕፃናት ነው የሚል ያልተጻፈ ሕግ አለ። ትኵሱን ፍሬ ከመዳፍ ወደ መዳፍ እያገላበጡ እፍ እፍ ሲሉበት ያላየ ሰው ባቄላ ድሃ ምግብ ነው ቢል አይገርመንም።

ምድጃውን ስናነሣ ጢሱን ማመስገናችን አይደለም። የጢስ ጕዳት በዐይንና በሳንባ ላይ፣ ይልቁንም በእናቶችና በሕፃናት ላይ ከባድ እንደ ሆነ ሐኪሞች የሚነግሩን እውነት ነው። መስኮት ማውጣትም ሆነ የጢስ መውጫ ያለው ምድጃ መሥራት ከቤቱ ሙቀቱን አይወስድበትም፤ ሳሉን እንጂ።

እንዲሁም ደስታውን ብቻ ዘርዝረን ችግሩን ብናልፈው አንባቢያችንን መሸንገል ይሆንብናል። ሐምሌና ነሐሴ የጐታው ወለል የሚታይባቸው ወራት ናቸው። የሚበላው ባለፈው ኅዳርና ታኅሣሥ ታጭዶ፣ ለዘር ከወጣው፣ ለዕዳ ከተከፈለውና በበዓል ከተበላው የተረፈው ነው። የበልጉ ገብስ የሰመረ እንደ ሆነ በሰኔና በሐምሌ ደርሶ ቤቱን ይደግፋል፤ በልጉ የቀረ እንደ ሆነ ግን እስከ ባቄላው እሸት ያለው መንገድ ረጅም ነው። የቤቱ እመቤት ይህን መንገድ በቁና ትለካዋለች። ማለዳ ጐታውን ከፍታ ስትሰፍር ልጆቿ የማያዩት አንድ ነገር ታደርጋለች፤ ከሰፈረችው ላይ አንድ እፍኝ ትመልሳለች። ያች እፍኝ በነሐሴ 30 ቀን ሙሉ ተጠራቅማ በአዲሱ ዓመት ዋዜማ ድፎ ትሆናለች። የምጣኔ ሀብት ትምህርት የተማሩ ሰዎች ይህን ቍጠባ ይሉታል፤ ባልቴቶቹ ስም ሳያወጡለት ኖረዋል።

ቤተ ክርስቲያናችንም ይህን ጭንቀት ዐውቃ በዜማዋ ውስጥ ቦታ ሰጥታዋለች። በቅዱስ ያሬድ ድጓ ክረምቱ በክፍል በክፍል ተለይቶ ይዜማል። የመጀመሪያው ክፍል ስለ ዘርና ስለ ደመና ይናገራል፤ ከሐምሌ 19 ቀን እስከ ነሐሴ 9 ቀን መብረቅና ነጐድጓድ፣ ባሕርና ወንዞች፣ ጠልም ይነሣሉ። ከነሐሴ 10 ቀን እስከ 27 ቀን ያለው ክፍል ግን ዕጓለ ቋዓት፣ ደሰያት፣ ዓይነ ኵሉ ይባላል። ዕጓለ ቋዓት የቁራ ጫጩቶች ማለት ነው፤ ምግባቸውን ከእግዚአብሔር እንደሚለምኑ በመዝሙረ ዳዊት የተነገረላቸው ናቸው። ደሰያት ደሴቶች ናቸው፤ ዓይነ ኵሉም የሁሉ ዐይን ማለት ነው፤ ፍጥረት ሁሉ ዐይኑን ወደ ፈጣሪው አንሥቶ የሚጠብቅበት ጊዜ ነውና። ጐታዋን የምትጠርገው እናት ይህን የግእዝ ስም ላታውቀው ትችላለች፤ በዚያው ሳምንት ግን ደብተራው ከቅኔ ማኅሌት ቆሞ የሚያዜመው ስለ እርሷ ቤት ነው።

በዚያው ሳምንት ደግሞ ደበሎ የለበሰ የቆሎ ተማሪ አኵፋዳውን አንግቶ፣ በበትሩ ውሻ እየመከተ ከደጇ ይቆምና በእመቤታችን ስም ይለምናል። እኛም ያን ደበሎ ለብሰነዋል፤ ዝናብ የመታው የበግ ለምድ ምን ምን እንደሚሸት እስከ ዛሬ አልረሳነውም። ጐተራው ሞልቶ ሳለ ባዶ እጃችንን የሸኘን ቤት ነበረ፤ በነሐሴ ከመጨረሻው ቆሎ ያካፈለን ቤትም ነበረ። የዚያን የሁለተኛውን ቤት ደጃፍ ዛሬም ዐይናችንን ጨፍነን እናገኘዋለን። እናቲቱ ቆሎውን ከሰጠችን በኋላ ትንሽ ልጇን ጠርታ፣ «ና፣ የኔታ ልጆች ሲያልፉ እጅ ንሣ» ትለው ነበር፤ ልጁም እየሣቀ ይጐነበስ ነበር፤ እኛ ከእርሱ ብዙ አንበልጥምና።

ከራት በፊት ያለው ጊዜ የእጅ ሥራ ጊዜ ነው። የመንዝ በግ ጠጕሩ ሻካራና ጠንካራ ነው፤ ሴቶቹ ይህን ነድፈው በእንዝርት ይፈትሉታል፤ ወንዶቹ ባና አድርገው ይሠሩታል። ልጅ በባናው ተጠቅልሎ ሲተኛ የአያቱን፣ የእናቱንና የአክስቱን ማታ ሁሉ ለብሶ ይተኛል ማለት ነው። እንዝርቱ ሲሽከረከር ወሬ አይቋረጥም፤ እንዲያውም አንዳንድ ከባድ የቤት ነገር፣ ፊት ለፊት ቢነገር ጠብ የሚያመጣ ነገር፣ ዐይን ወደ እንዝርት እየተመለከተ ሲነገር በሰላም ያልፋል። ባልና ሚስትን ለማስታረቅ ሽማግሌ ከመላክ በፊት ይህን መሞከር ሳይሻል አይቀርም።

ጨለማው ሲበረታ እንቆቅልሽ ይጀመራል። ጠያቂው «እንቆቅልህ» ይላል፤ ተጠያቂው «ምን አውቅልህ» ብሎ ይመልሳል። «ሲሄድ ውሎ ሲሄድ ቢያድር የማይደክመው?» ከደጅ የሞላው ወንዝ እየጮኸ መልሱን ይናገራል፤ ልጁ ግን ጣሪያ ጣሪያውን እያየ ያስባል። መልሱ የጠፋበት እንደ ሆነ «አገር ስጠኝ» ይባላል። በዚህ ጊዜ ከመንደሩ ወጥቶ የማያውቅ የ7 ዓመት ልጅ ጎንደርን ይሰጣል፤ አልቀበልም ሲሉት ሐረርን፣ እርሱም ካልበቃ ጅማን ይሰጣል። ተቀባዩም በተሰጠው አገር ገብቶ እንዴት እንደ በላ፣ እንዴት እንደ ጠጣ፣ በምን አልጋ ላይ እንደ ተኛ በቃሉ ይተርካል፤ ቆሎ የቈረጠመው ሁሉ የጅማን ማር አብሮ ይቀምሳል። እኛ ራሳችን ካርታ በግድግዳ ላይ ሳናይ የኢትዮጵያን ከተሞች ስም የለቀምነው በዚህ መንገድ ነው። መንዝን ለመስጠት የደፈረ ልጅ ግን አላየንም።

ፊደል የቈጠረ ሰው በቤቱ ያለ እንደ ሆነ ሌላም ጨዋታ አለ፤ የሚጠበቀው መስከረም 1 ቀን በምን ዕለት እንደሚውል በባሕረ ሐሳብ ማስላት። ሒሳቡ ከባድ አይደለም። 5,500 ዓመተ ፍዳን ከዓመተ ምሕረቱ ጋር መደመር ነው፤ ለ2018 ዓ.ም. ድምሩ 7,518 ይሆናል። ይህ ለ4 ሲካፈል 1,879 ደርሶ 2 ይተርፋል። 1 ቢተርፍ ዘመኑ የማቴዎስ፣ 2 ቢተርፍ የማርቆስ፣ 3 ቢተርፍ የሉቃስ፣ ምንም ባይተርፍ የዮሐንስ ነው፤ ስለዚህ ዘመኑ የማርቆስ ሆነ። ደግሞ 7,518ን ከ1,879 ጋር ደምረን 9,397ን ለ7 ብናካፍል 3 ይተርፋል፤ 1 ማክሰኞ፣ 2 ረቡዕ፣ 3 ሐሙስ እያሉ ቢቈጥሩ ሐሙስ ይመጣል፤ የ2018 ዓ.ም. ዕንቍጣጣሽም የዋለው ሐሙስ ነበር። ልጅ ይህን በከሰል በሰሌዳ ላይ አስልቶ ከደረሰበት በኋላ ዕለቱ የእርሱ ግኝት ይመስለዋል፤ ጧት ለጐረቤት ልጅ ለመንገር ጕሙን እየቀደደ ይሮጣል። ስልክ ይህንኑ በቅጽበት ይነግረዋል፤ ስልክ የነገረው ልጅ ግን ሲሮጥ አላየነውም።

የነሐሴ 15ቱ የፍልሰታ ቀናት ለባላገር ልጆች ከበዓል የሚቈጠሩ ናቸው። ለጾም ዕድሜያቸው ያልደረሰ ሕፃናት እንኳ ማንም ሳያስገድዳቸው ከታላላቆቻቸው ጋር ይጾማሉ፤ ቅዳሴው እስኪወጣ በነጠላ ተጠቅልለው ከቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ተጠግተው ይቆማሉ። ሲመለሱ ሽሮው ሲንተከተክ፣ ተልባው ተመትቶ ሲጠብቃቸው የሚሰማቸውን ደስታ በሌላው ወራት በሥጋ ወጥም አያገኙትም። በመካከሉም ነሐሴ 13 ቀን ቡሄ ይደርሳል። ወንዶቹ ልጆች ከሳምንታት በፊት ጅራፍ ገምደው ሸለቆውን በጩኸቱ ይሞሉታል፤ በዋዜማው ችቦ ይበራል፤ ሙልሙሉ ይጋገራል። ሙልሙሉ በየደጁ ለሚጨፍሩት ሁሉ መድረስ ስላለበት እናት ሊጡን ስትከፋፍል በጣቷ ትቈጥራለች፤ ያቺ ማለዳ ማለዳ የምትመለስ እፍኝ ለዚህም ትረዳለች። ሽማግሌዎች ቡሄ ካለፈ ክረምት የለም የሚሉት በዚህ ጊዜ ነው። ዝናቡ ግን ይህን አልሰማም፤ አንዳንድ ዓመት ከቡሄ በኋላ የሚጥለው ከሐምሌው ይብሳል።

በከተማ ለምትኖሩ ወላጆች አንድ ነገር ብንናገር አትቀየሙን። ትምህርት ቤት ተዘግቶ እስኪከፈት ባለው ጊዜ ልጆቻችሁን ለክረምት ትምህርት ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ክፍል ታሻግራላችሁ። አስተማሪዎች ነንና ትምህርትን አንነቅፍም። ነገር ግን አያት በገጠር ያላቸው ልጆች ከክረምቱ ሁለት ሳምንት እንኳ ከእነዚያ አያቶች ጋር ቢያሳልፉ በመስከረም ወደ ክፍላችን ሲመለሱ ልዩነቱን በድርሰታቸው እናነበዋለን። መንገዱ አስቸጋሪ መሆኑን፣ በአንዳንድ ዓመትም ጸጥታው እንደሚከለክል እናውቃለን። ሲሆን ግን ይሁን። አያቶቹ ዕድሜያቸው እየገፋ ነው፤ ተረቱንም እንቆቅልሹንም ይዘውት እንዳይሄዱ እንፈራለን። አንድ የከተማ ልጅ አያቱን፣ «እማማ፣ መስከረም መቼ ነው የሚደርሰው?» ብሎ ሲጠይቃቸው፣ «ውኃው ሲጠራ ነው ልጄ» ሲሉት ሰምተናል። በማግስቱ ከወንዙ ዳር አላጣነውም።

እውነትም ውኃው ይጠራል። በነሐሴ መጨረሻ ድፍርሱ ወንዝ ቀስ በቀስ ድንጋዮቹን ያሳያል። ጕሙ ረፋድ ላይ ይነሣና ማዶ ያለው ሰፈር ከነጐጆው ብቅ ይላል፤ ሰዎች ለሁለት ወር የተለያዩ ይመስል እጅ ይነሣሣሉ። አደይ አበባ በአንድ ሌሊት የፈነዳች ይመስለናል እንጂ ዘሯ በመጀመሪያው ዝናብ በቅሎ በዚያ ሁሉ ጭቃና ጕም ሥር ስታድግ የከረመች ናት። የዕፅዋት ሊቃውንት ባይደንስ ማክሮፕቴራ ይሏታል፤ ገበሬው በእርሻው ውስጥ ሲያገኛት አረም ይላታል፤ ሴት ልጁ ግን እንዳይነቅላት ትለምነዋለች። የመስቀል ወፍም እንዲሁ ናት። ከሩቅ አገር የምትመጣ የሚመስለው ብዙ ነው፤ እርሷ ግን ዓመቱን ሙሉ እንደ ድንቢጥ ቡናማ ሆና ከመካከላችን ትኖራለች፤ ክረምቱ ሲያልቅ ወንዱ ለመራባት ያን የሚያምር ላባ ስለሚለብስ ነው አዲስ እንግዳ የምትመስለን። ልጆች ይህን ስንነግራቸው ቅር ይላቸዋል፤ ከሰማይ ወረደች ብንላቸው ይመርጡ ነበር።

ቀጥሎ ጳጕሜን ናት፤ 5 ቀን፣ በየ4 ዓመቱም 6 ቀን። ጳጕሜን 3 ቀን የቅዱስ ሩፋኤል ዕለት ርኅወተ ሰማይ ነውና፣ በዚያን ዕለት የሚዘንበው ዝናብ የተባረከ ነው ተብሎ ሕፃናት ልብሳቸውን ጥለው ወደ ደጅ ይወጣሉ። ለሁለት ወር ሙሉ «ዝናብ እንዳይመታችሁ» ሲባሉ የከረሙት ልጆች በፈቃድ ሲበሰብሱ የሚያሰሙት ጩኸት ከሞላ ወንዝ ይበልጣል። እናቶችም ዕቃውን ሁሉ አውጥተው ያጥባሉ፤ ጐታው ይጠረጋል፤ ምድጃው በአዲስ ጭቃ ይለቀለቃል።

በዋዜማው ልጃገረዶቹ አደይና እንግጫ ለመልቀም ከዶሮ ጩኸት ጋር ይወጣሉ፤ ጤዛው እስከ ጕልበታቸው ያርሳቸዋል። ሲመለሱ አንዳንዷ እናት እንግጫውን ትገምድና አንዱን ከቤቱ ምሰሶ፣ አንዱን ከተጠረገው ጐታ አንገት ላይ ታስራለች። የጐታው ክዳን በዚያ ቀን ክፍት ሆኖ ይውላል፤ ልጆቹ አንድ በአንድ እየመጡ አንገታቸውን ወደ ውስጥ ያስገቡና ድምፃቸው ሲያስተጋባ እየሰሙ ይሥቃሉ።